አለቃችንን ገመድ ያስያዝንበት በዓል

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን የሰው ኃይል ባለሙያ ሐና በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ረጅም ምክር ለጠፈችልን። ርእሱ «የበዓል ስጦታ ለሥራ ባልደረባ እንዴት ይሰጣል?» ይላል። ስጦታው በሚያምር ወረቀት ይጠቅለል፤ ዋጋው ከተወሰነው አይለፍ፤ ስማችንን ጽፈን ባርኔጣ ውስጥ እንክተትና የደረሰንን ሰው ለማንም ሳንናገር በድብቅ እንስጥ። ከሥሩ ሰው ሁሉ አውራ ጣቱን እየቀሰረ አመሰገናት። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግን እዚህ ከተመደበች ገና አንድም በዓል ከእኛ ጋር አላሳለፈችም። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ፣ ስልኩን እንደ ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ አነበብኩትና ወደ ቢሮዋ ሄድኩ።

«ሐናዬ፣ ምክሩ መልካም ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ በግ በምን ይጠቀለላል?»

«በግ ማን አለ ጋሼ? ኩባያ፣ ሻርፕ፣ ማስታወሻ ደብተር...»

«ቀንዱስ? ቀንዱ ወረቀቱን አይቀደውም?»

«ጋሼ ደግሞ፤ ሥራ አለብኝ እኮ» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። እኔ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ወንበር ስቤ ከተቀመጥኩ ደግሞ፣ አሶሳ በሙሉ እንደሚመሰክረው፣ ከምሳ በፊት አልነሳም።

ለሐና የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ የስንት ዓመት ነገር ነው እንዳትሉኝ። ዓመት የሚቆጥር ሰው ቶሎ ይሸብታል ይባላል፤ እኔ ሳልቆጥርም ሸብቻለሁ። ብቻ ባጃጅ ከተማችንን ገና ያልወረረበት፣ ከመናኸሪያው እስከ መሥሪያ ቤታችን ሰው ሁሉ በእግሩ የሚሄድበት፣ በክረምት ቀዩ ጭቃ ጫማችን ላይ ተለጥፎ ሁላችንንም በአንድ ስንዝር የሚያስረዝመን ዘመን ነበር። እኔ ቁመት የነበረኝ ያኔ ነው። ሻይ በአንድ ብር ይጠጣል፤ ያውም ስኳሩ ማንኪያውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ደህና በግ ስድስት መቶ፣ ሰባት መቶ ብር ነው። ስምንት መቶ ያለን ሻጭ ካለ «በጉ ኮሌጅ ጨርሷል ወይ?» ብለን እንጠይቀው ነበር። ዛሬ በዚያ ገንዘብ ገመዱን እንኳ የሚሸጥላችሁ የለም። ማንጎማ ጭራሽ ዋጋ አልነበረውም፤ በወቅቱ ከዛፍ ወድቆ አናታችንን ካልመታን መኖሩንም አናስታውስም። አንድ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ በዓል ነው ብሎ ለሁላችንም በፌስታል ማንጎ ቢያድለን፣ «ምን በድለነው ነው?» ብለን ተሰብስበን መክረናል። በአሶሳ በማንጎ ወቅት ለባልደረባ ማንጎ መስጠት ማለት ለዓሣ በጆግ ውኃ ማቅረብ ነው።

መናኸሪያው ጥግ ካለችው ሱቅ ከጠዋት ጀምሮ የሱዳን ዘፈን ይንቆረቆራል። ካሴቱ ከመደጋገም ብዛት ስላለቀ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር፤ እኛ ግን ቃሉን ሳናውቅ ዜማውን እያፏጨን ቢሮ እንገባለን። የበርታ ሴቶች ቶብ የሚባለውን ስስ የሱዳን ልብስ፣ ብርቱካንማውን፣ አረንጓዴውን፣ የሰማይ ቀለሙን፣ ከራስ እስከ እግር ተጠቅልለው በዝናብ መሐል ሲያልፉ አንዲት የጭቃ ጠብታ አትነካቸውም። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ አንዳንድ ኮት ነበረችን፤ ለስብሰባም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶም የምታገለግል። የእኔዋ ከመልመዷ ብዛት ለቅሶ ቤት ስትደርስ ራሷ የምታነባ ይመስለኝ ነበር።

የመሥሪያ ቤታችን ሰው ከአራቱም ማዕዘን የተለቀመ ነበር። እኔ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ አባቴ በዚያ በሰፈራው ጊዜ በጭነት መኪና መጥቶ ከአሶሳ አጠገብ ጎጆ የቀለሰ። ገንዘብ ያዧ ጫልቱ የወለጋ ሰው ናት፤ ፕሮቴስታንት፤ ቀይ ጃንጥላዋን በበጋም በክረምትም ከእጇ የማትለይ፣ ምላሷ ከጃንጥላዋ ጫፍ የሚሾል። የንብረት ክፍሉ ሐሚስ የበርታ ልጅ፣ ግንድ የሚያክል ሰው፣ ጓደኛዬ። አማርኛን ጎልምሶ ስለተማረው «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ከዘበኛው እስከ ሚኒስትሩ ሁሉም «አንተ» ነው። ሴቶቹንም ጨምሮ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የበዓል ስጦታ እንዴት ይሰጣል? ሥጋችን አይገናኝም፤ የሙስሊሙን እርድ ክርስቲያኑ፣ የክርስቲያኑን ሙስሊሙ አይበላም። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ግን መላ አበጅተውለት አገኘን። በዓሉ የማይመለከተው ወገን አዋጥቶ በግ ይገዛል፤ በጉንም በቁሙ፣ እየተነፈሰ፣ ባለ በዓሉን ወገን ያስይዛል። የተቀበለው በራሱ ቢላ፣ በራሱ ጸሎት ያርዳል። ሥጋችን ባይገናኝም በጋችን ይገናኛል። ርክክቡ በበዓሉ ዋዜማ፣ በቀን፣ ግቢው መሐል ካለው ማንጎ ሥር ነው። ገመዱን የሚሰጠው ከሰጪዎቹ በዕድሜ ትልቁ፣ የሚይዘው ከተቀባዮቹ አዲስ የመጣው ሰው ነው። አዲስ ሠራተኛ በእኛ ዘንድ የምደባ ደብዳቤ ስለያዘ ቤተኛ አይሆንም፤ ገመድ ሲይዝ ነው። አለቆቹ በበዓል ወደየቤተሰባቸው ስለሚሄዱ ከመካከላቸው ገመድ የያዘ አልነበረም፤ ጥያቄውም ተነሥቶ አያውቅም።

አቶ ይልማ እስኪመጡ ድረስ።

አቶ ይልማ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከረባታቸውን በአሶሳ ሙቀት እንኳ የማያላሉ፤ ፈገግታቸውን ለማየት ማመልከቻ ማስገባት የሚያስፈልግ። በመጡ ሰሞን አንድ ስሙን የማልጠራው ነጋዴ «ለእንኳን ደህና መጡ» ብሎ ማርና የሰባ ፍየል ቤታቸው ላከ። እሳቸውም በማግስቱ ማሩን በአንድ እጃቸው፣ ፍየሉን በሌላው ይዘው፣ ከረባታቸውን እንዳሰሩ፣ በዋናው አስፋልት ሄደው ለባለቤቱ መለሱለት። አሶሳ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ቢሮ ገብተው ማስታወቂያ ለጠፉ፤ በዚህ መሥሪያ ቤት በማንኛውም መልክ ለበዓልም ሆነ ለሌላ ስጦታ ማዋጣት፣ መስጠትና መቀበል የተከለከለ ነው።

ክፉ ሰው ስለሆኑ አልነበረም። «ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ ባለ ማሩ ሲያድግ፣ ማር የሌለው ባለበት ሲቀር አይቻለሁ» አሉን በስብሰባ። «የሚጀምረው በበዓል ነው። መጀመሪያ ዶሮ ነው፤ ከዚያ በግ ነው፤ ከዚያ ሰንጋ ይሆናል፤ ከዚያ ሰውየው ራሱ የማን እንደሆነ አያውቅም።» እውነታቸውን ነው። ግን ያን ዓመት የሆነውን ተመልከቱ፤ ኢድ የጳጉሜ መጨረሻ ቀን ላይ ወደቀ፣ በማግስቱ እንቁጣጣሽ። ሁለቱ በዓላት እንደ መንታ ተያይዘው በመጡበት ዓመት እኛ ገመዱን ልንቆርጥ ነው።

ማስታወቂያው የተለጠፈ ዕለት ማንጎው ሥር ቆመን ሐሚስ ዝም አለ። ሐሚስ ዝም ሲል ጄኔሬተር የጠፋ ይመስል ነበር።

«ያ አኺ» አለኝ በመጨረሻ፤ በእነሱ ወንድሜ ማለት ነው። «ገመድ አንዴ ከተቆረጠ፣ ብትቀጥለውም ቋጠሮው ይታያል። ዘንድሮ በግ ከቀረ፣ ለከርሞ ሰላምታ ይቀራል። ከዚያ አንተ ለብቻህ፣ እኔ ለብቻዬ።»

አልቀለደም። በዚያን ወቅት ሰው በየሻይ ቤቱ «እነዚህ»ና «እነዚያ» መባባል የጀመረበት ጊዜ ነበር፤ የእኛ ግቢ ብቻ ነበረች ያላለችው። ልቤን አንድ ነገር ነካኝ፤ ልቤ ሲነካ ደግሞ አፌ ይፈጥናል።

«አቶ ይልማን ራሳቸውን ገመድ አስይዛቸዋለሁ» አልኩ።

ጫልቱ ጃንጥላዋን ዘግታ ሳቀች። «አንተ? ደሞዝህን በቅጡ መያዝ ያቃተህ ሰው?»

«ካላስያዝኳቸው ገመዱን በእኔ አንገት አስራችሁ ገበያ አውጡኝ።»

«ማን ይገዛሃል?» አለ ሐሚስ። «ይሄ አጥንት ብቻ ነው። ካስያዝክ ግን፣ ወላሂ፣ ግቢውን ሙሉ በትከሻዬ ተሸክሜ አዞርሃለሁ።»

ውርርዱ ታሰረ። እኔም የለቅሶ ኮቴን ለብሼ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

«አቶ ይልማ፣ አንድ የሕግ ጥያቄ ነበረኝ።»

«በጽሑፍ አቅርበዋል?»

«በአፍ ነው።»

«ይናገሩ።»

«ጉቦ የሚሄደው ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ምን ማለትዎ ነው?»

«የበታች ለበላዩ ሲሰጥ እጅ መንሻ ነው፤ ገብቶናል። የበላይ ለበታቹ ቢሰጥስ? ለምሳሌ እርስዎ ከእኛ ከክርስቲያኖቹ ጋር አዋጥተው ለእነ ሐሚስ የኢድ በግ ቢሰጡ፣ ሐሚስ በምላሹ ምን ያደርግልዎታል? ያ ሰው እንኳን ሊያደላልዎ አንድ ብትን ወረቀት ያለ ፊርማ አይሰጥዎትም።»

«አይሰጥም» አሉ አቶ ይልማ፤ ድምፃቸው ውስጥ አድናቆት ነበረ። ከዚያ እስክሪብቶአቸውን መልሰው አነሱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። «ወደ ታች የሚሄድ ስጦታ... በእርግጥ የጥቅም ግጭት አይታይበትም። እሺ፣ እኔም አዋጣለሁ፤ ለዚህ ለአንዱ እፈቅዳለሁ። ነገር ግን የጋራ ገንዘብ ስለሆነ ግዢው በሥርዓት ይፈጸማል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ይወዳደራል፤ ደረሰኝ ይቀርባል።»

«የበግ ፕሮፎርማ?»

«የማንኛውም ዕቃ። እኔም በቦታው እገኛለሁ።»

ሳቄን በሁለት እጄ ይዤ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ፈነዳሁ። ከዚያ ሐሚስን ማንጎው ሥር አገኘሁትና «ግማሹ ተይዟል» አልኩት። ነገሩ ቀላል ነበር። እኛ ለኢድ ከሰጠን እነ ሐሚስ በማግስቱ ለእንቁጣጣሽ ሳይመልሱ አያድሩም። ሲመልሱ ገመዱን የሚይዘው ከክርስቲያኖቹ አዲስ የመጣው ነው። አዲስ የመጣው ማን ነው? ሐሚስ እስኪገባው ትንሽ ቆየ፤ ሲገባው የማንጎውን ግንድ በጥፊ መታው፤ ወቅቱ ቢሆን ኖሮ አሶሳን የሚመግብ ማንጎ ይወርድ ነበር።

ገበያ የሄድነው በጭቃው ነው። አቶ ይልማ ከረባት፣ ፋይል፣ ከፋይሉ ላይ እስክሪብቶ። እኔ ከኋላቸው ጃንጥላ ይዤ፤ ጃንጥላውም የጫልቱ ነው፣ ቀይ። የበግ ተራው ውስጥ ከባምባሲ በጎቻቸውን ነድተው የመጡ ኦቦ ነመራ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ከእሳቸው ጀመርን።

«ጤና ይስጥልኝ። ለአንድ በግ የዋጋ ማቅረቢያ ይጽፉልናል?» አሉ አቶ ይልማ።

ኦቦ ነመራ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ይላል ሰውዬው?»

«ዋጋውን በወረቀት አድርጉልን ነው የሚሉት፣ አባቴ።»

«በጉ ቆሟል። የምትበሉት ወረቀቱን ነው በጉን?»

«ዕድሜው ስንት ነው?» አቶ ይልማ ተስፋ አልቆረጡም።

«ጥርሱን እይ።»

«ጥርሱ እንዴት ነው የሚታየው?»

«አፉን ትከፍታለህ። አይዞህ፣ የመንግሥት ሰው አይበላም።»

ሰዉ መሰብሰብ ጀመረ። አቶ ይልማ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ ሦስት ተወዳዳሪ ካልቀረበ አልገዛም አሉ። ኦቦ ነመራ ዋጋቸውን ተናገሩ፤ አቶ ይልማ ጻፉ። የሁለተኛው ሻጭ ዋጋ ተጻፈ። ሦስተኛው ሻጭ የሁለቱ ስም ወረቀት ላይ ሲሰፍር አይቶ ደነገጠና ሳይጠየቅ ቀነሰ። ይህን የሰሙት ኦቦ ነመራ «ቆይ፣ የእኔን ሰርዝ» ብለው ከእሱ በታች ወረዱ። ሁለተኛው ተከተላቸው። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ዓለም ከተፈጠረች ጀምሮ በበዓል ዋዜማ የበግ ነጋዴ ዋጋ ለመቀነስ ሲጋፋ የታየው ያን ቀን አሶሳ ላይ ብቻ ነው። ትንሽ ብንቆይ በጉን ሰጥተው የሚመርቁልን ይመስለኝ ነበር። በአቶ ይልማ ስንስቅ የነበርን ሁሉ ቀረብ ብለን ወረቀታቸውን ማየት ጀመርን።

አሸናፊው ኦቦ ነመራ ሆኑ። «አሁን ደረሰኝ» አሉ አቶ ይልማ።

«ኮቱ» አሉ ሽማግሌው፤ ና ማለታቸው ነው። የአለቃዬን እጅ ያዙና ወስደው የበጉ ላት ላይ አሳረፉት። «ይኸው ደረሰኝ።»

አቶ ይልማ እጃቸውን አላነሱም። ጨመቅ አደረጉት። ሌላም ጊዜ ጨመቅ አደረጉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጎኑን ሥጋ ዳበሱ፤ ቀና ብለውም «ይሄ አይደለም፤ ያኛው ይበልጣል። ባለ ነጭ ግንባሩ፣ በዚሁ ዋጋ» አሉ። ኦቦ ነመራ ከት ብለው ሳቁ። «ይሄ ሰው ተምሯል» አሉ፤ ባለ ነጭ ግንባሩንም አሳለፉት። በዓለም ላይ ካሉ ትምህርቶች ሁሉ በእጅ የሚገባው ይሄ ነው። ስንመለስ በጉ ጎተታቸው፤ አቶ ይልማም በዚያ ረጅም ቅልጥማቸው ጭቃውን እየዘለሉ፣ ከረባታቸው ትከሻቸው ላይ እየተውለበለበ ሮጡ። ገመዱን ግን አለቀቁም። ላግዝዎ ብላቸው «ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አሉኝ።

በኢድ ዋዜማ ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። ከክርስቲያኖቹ በዕድሜ ትልቁ አቶ ይልማ ስለነበሩ ገመዱን የሚሰጡት እሳቸው ሆኑ። ከሙስሊሞቹ አዲስ የመጣው ሾፌራችን አብዱ ተቀበለ። አቶ ይልማ «ከክርስቲያን ባልደረቦቻችሁ ነው፤ በሥርዓቱ የተገዛ ነው» ብለው ብቻ ንግግራቸውን ጨረሱ።

ሐሚስ በጉን ዞሮ አየው። «ማሻአላህ። ማን መረጠው?»

«እኔ» አሉ አቶ ይልማ። ያለ ማመልከቻ ፈገግ አሉ።

ጨረቃ ታየች፤ ኢድ ሆነ። ሐሚስ ሁላችንንም ከሶላት በኋላ ቤቱ ጠርቶን ነበርና እሱ መጥቶ እስኪወስደን ግቢው ውስጥ ተሰባስበን ጠበቅነው። ቢሮው ዝግ፣ ሰማዩ የታጠበ፣ ከግቢው ቀርከሃ አጥር ማዶ ሕፃናት በአዲስ ልብስ ይንጫጫሉ። አቶ ይልማ ቤተሰባቸው ሩቅ ነው፤ መንገዱ የሁለት ቀን ነው፤ የመጀመሪያ በዓላቸውን ብቻቸውን ሊያሳልፉ እንደሆነ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ከረባታቸውን አስረዋል።

ከሙስሊሞቹ በዕድሜ ትልቁ ሐሚስ በነጭ ጀለቢያ፣ በነጭ ጥምጣም መጣ። ከኋላው እነ አብዱ። በእጁ የያዘው በግ ቀንዱ የአይሱዙ መሪ የሚያክል፣ አካሄዱ የወረዳ አስተዳዳሪ። ሐሚስ በቀጥታ ወደ አቶ ይልማ ሄዶ ቀኝ እጁን ዘረጋ። አቶ ይልማም «ኢድ ሙባረክ» ብለው ጨበጡት። እጃቸውን ሲመልሱ ገመዱ እጃቸው ውስጥ ነው።

ገመዱን አዩ። በጉን አዩ። ቀጥለው እኔን አዩ።

«ይሄ ወጥመድ ነው» አሉ።

«ወጥመድ አይደለም፤ ወጋችን ነው» አልኩ፣ ከጫልቱ ጃንጥላ ጀርባ ሆኜ። «ከእኛ ውስጥ አዲስ የመጡት እርስዎ ነዎት። አዲስ የመጣው ነው የሚይዘው።»

«አቶ ሐሚስ፣ ማስታወቂያውን አንብበዋል። የአንዱን ብቻ ነው የፈቀድኩት፤ እሱም ወደ ታች ነበር። እኔ ከበታቾቼ ስጦታ አልቀበልም።»

«አንተ አለቃ፣ እኔ ንብረት ክፍል፤ ያ ትናንት ነው» አለ ሐሚስ። «ዛሬ ቢሮ ዝግ ነው። ዛሬ አንተ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም። ኻላስ፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ለአንተ አልሰጠሁም፤ ለክርስቲያኖቹ ነው የሰጠሁ። አንተ ክርስቲያን ካልሆንክ ገመዱን ልቀቅ።»

አቶ ይልማ ግራ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ፤ ከከረባቱ ሥር ማተባቸው ነበር። አንገታቸው ላይ ማተብ፣ እጃቸው ላይ ገመድ። አንዱን ሳይክዱ ሌላውን መልቀቅ የማይቻልበት ቦታ ቆመዋል።

«ይልቀቁት» አለች ጫልቱ ቀዝቀዝ ብላ። «እኛ ነገ በአዲስ ዓመት ጎመን እንበላለን። ምን እናደርጋለን፤ ጎመንም ከተገኘ።»

«ሰው ምን ይላል?» አሉ አቶ ይልማ፤ አሁን ቁጣ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። «ያ የፍየሉ ሰውዬ ነገ ቢሰማስ? የእኔን መለሰ፣ የእነሱን በላ አይልም?»

ሐሚስ ጀለቢያውን ሰብስቦ ቀረባቸው። «የሱ ፍየል ከመሸ፣ በጓሮ መጣ። አንተ አልነበርክም፤ ሚስጥር ነበር። ይሄ በቀን መጣ፣ በትልቁ በር። ሰው ሁሉ ያያል። የሱን ብትበላ ብቻህን ትበላ ነበር። ይሄን ብቻህን ልትበላ ብትል...» ወደ እኔ ጠቆመ፤ «ይሄ አጥንት አይፈቅድልህም።»

አቶ ይልማ ዙሪያቸውን አዩ። አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉትን ሕፃናት አዩ፤ ዘበኛውን አዩ፤ እኛን አንድ በአንድ አዩን። «ስንት ቦታ ነው የሚከፋፈለው?» ሲሉ ጠየቁ።

«በክርስቲያኖቹ ልክ» አለች ጫልቱ። «መደቡ እኩል ነው፤ ለአለቃ ጭማሪ የለም።»

«የእኔ ድርሻ ከማንም እንዳይበልጥ።»

«እንዲያውም ያንስ ይሆናል» አልኩ። «አዲስ ገቢ ነዎት።»

ገመዱን በእጃቸው ላይ አንድ ዙር ጠመጠሙት። እንግዲህ እልልታው። ጫልቱ ጃንጥላዋን ወደ ሰማይ ወረወረችው፤ አብዱ የመኪናውን ጡሩንባ ለቀቀው፤ በጉ ደንግጦ ባአ አለ። ሐሚስ ደግሞ ወደ እኔ መጣ። ይተወኛል ብዬ ነበር፤ በዚያ ነጭ ጀለቢያ ላይ በዚያ ጭቃ ጫማዬ። ወገቤን ይዞ አንሥቶ ትከሻው ላይ ከመረኝና ግቢውን አዞረኝ። ከዚያ ከፍታ ላይ አሶሳን አየሁ፤ ማንጎዎቹን፣ ቆርቆሮዎቹን፣ ወደ ባምባሲ የሚወስደውን መንገድ፤ ትንሽ ከፍ ቢያደርገኝ ካርቱምንም አያት ነበር። ከእኛ ፊት ፊት አለቃችን በግ እየሳቡ ይሄዳሉ። ነገሥታት እንደዚያ ያለ ሰልፍ አላዩም።

ከዚያ ሐሚስ ቤት ሄደን ከርከዴውን፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ በበረዶ ጠጣን፤ ቴምሩን በላን። በማግስቱ በጉ እኔ ቤት ታረደ። አቶ ይልማ ከረባታቸውን ፈተው ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው መደቡን ራሳቸው አካፈሉ፤ በሚዛን ካልሆነ ብለው ከባለ ሱቁ ሚዛን አስመጡ። ልጃገረዶቹ አበባ ይዘው ሲገቡ ዘፈኑን ከእነሱ እኩል ሲያውቁት ተገኙ። በነጋታው ከተማው ሁሉ ሲያወራ ዋለ፤ ያ የፍየሉ ነጋዴም ሰማ። ምን አለ ብትሉኝ፣ ምን ሊል ይችላል? የሚታማ ነገር መደበቅ አለበት፤ ይሄ ተደብቆ አያውቅም።

በኋላ በክልላችን ክፉ ጊዜ መጣ፤ ሰው ጎረቤቱን በጎሪጥ ያየበት፣ ከእኛም ባልደረቦች አንዳንዱ ዕቃውን ጠቅልሎ የሄደበት። በዚያ ሰሞን እንኳ በእኛ ግቢ ገመዱ ከእጅ እጅ ሲያልፍ አንድ በዓል አልዘለለም። በጉ ከስቶ ያውቃል፤ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ዶሮ ያሠርንበትም ዓመት አለ፤ መቅረት ግን አልቀረም። ይሄን ስናገር ደረቴን የምነፋው ለዚህ ነው።

ወደዚያ ዓመት ልመልሳችሁና፣ ከእንቁጣጣሹ በኋላ ሥራ የጀመርን ዕለት ጠዋት ስንደርስ አቶ ይልማ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆመዋል። የድሮውን ማስታወቂያ ራሳቸው ነቅለው ሌላ እየለጠፉ ነበር። ቀረብ ብለን አነበብነው። «በበዓል ስጦታ የሚሰጥ በቁሙ ይሰጣል። በቀን፣ በግቢው መሐል፣ በሁሉም ፊት ይሰጣል። አንድ ሰው ለአንድ ሰው አይሰጥም፤ ብዙዎች ለብዙዎች ይሰጣሉ። ድርሻ እኩል ነው። ገመዱን አዲስ የመጣው ይይዛል፤ ኃላፊውንም ይጨምራል።» የአባቶቻችን ወግ ቃል በቃል፤ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ፤ ከላዩ ቁጥር ያለው።

ሐሚስ በእጁ እየጠቆመ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው አነበበው። ሁላችንም የእሱን ፊት እናያለን። ጨርሶ ራሱን ነቀነቀ።

«ሁሉም ልክ ነው» አለ። «ግን ማኅተም የለውም። እኔ ማኅተም የሌለው ነገር አልቀበልም፤ አንተ ራስህ ነህ ያስተማርከኝ።»

አቶ ይልማ ቢሯቸው ገቡና ማኅተሙን ይዘው ተመለሱ። በአፋቸው እፍ አሉበት፤ ግራ እጃቸውን ሰሌዳው ላይ ደገፍ አድርገው መቱት። የዚያ ማኅተም ድምፅ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ባምባሲ ድረስ ተሰምቷል።